በሬና በቅሎ የተጠመዱበት ክረምት

እናቴ ማወዳደር ትወድ ነበር። ጠዋት በራችንን ከፍታ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው የጎረቤታችንን ጣሪያ ነው። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ዓይኗን በእጇ ከልላ፣ «አዬ፣ አንዳንዱ እንዲህ ያለ ልጅ ይወልዳል» ትላለች። ቀጥላ ወደ እኛ ሳር ቤት ዞር ትላለች፤ ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ።

«እማ፣ እኔን ከቆርቆሮ ጋር ታወዳድሪኛለሽ እንዴ?» እላታለሁ።

«ከቆርቆሮ ጋር አይደለም፤ ቆርቆሮ ከምታመጣ ልጅ ጋር ነው።»

ቤታችን ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ በከላላ በኩል ነበር። የሁለቱ ቤቶች በር ፊት ለፊት ነው፤ እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን። ልጃቸው እኩያዬና ጓደኛዬ ናት። እሷ ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተች ከእኔ ጋር አንድ ላይ ያሳደገቻት የእኔው እናት ናት፤ እሷም እናቴን «እማ» ነው የምትላት። ስለዚህ እናቴ ስታወዳድር የምታወዳድረው ሁለት ልጆቿን ነበር ማለት ይቻላል። ይኼ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

እነሱ አንድ በሬ ነበራቸው፣ እኛም አንድ በሬ። በአንድ በሬ አይታረስም። ባለ አንድ በሬ የሆኑ ሁለት ቤቶች በሬዎቻቸውን አጣምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግስቱ የሌላውን መሬት ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። አባቴ ከሞተ በኋላ እርፉን የሚጨብጡት የጓደኛዬ አባት ነበሩ፤ እኔና እናቴ ውለታቸውን በአረምና በአጨዳ እንመልሳለን። አርብ ጁምዓ ነው፣ አይታረስም። ቅዳሜና እሁድ፣ ሚካኤል፣ ማርያም ደግሞ የእኛ ነው፣ አይታረስም። መንደርተኛው «እነዚህ በሬዎች በሁለት ሃይማኖት አረፉ!» እያለ ይስቅብን ነበር። ቢሆንም መሬታችን በጊዜው ሳይዘራ የቀረበት ዓመት አላስታውስም።

ጓደኛዬ ትምህርቷን አቋርጣ ዓረብ አገር ስትሄድ ለመንገዷ የተሸጠው የእነሱ በሬ ነው። በሬው መካነ ሰላም ገበያ ተነድቶ ከሄደ በኋላ የእኛው በሬ ጠዋት ጠዋት እነሱ ደጅ ድረስ እየሄደ እምቧ ይል ነበር። እናቴ በዱላ እየመለሰች «አንተንም ናፈቀህ?» ትለዋለች። እኔ እንኳ እንደሱ በግልጽ መጮህ አልቻልኩም።

ከዚያማ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ቆርቆሮው፤ ቀጥሎ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን፤ ቀጥሎ ነብር የተሣለበት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከነላስቲኩ፤ በመጨረሻም አባቷ ጁምዓ የሚሄዱባት ሰጋር በቅሎ። አባቷ እርሻውን ተዉት። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በቅሎዋ ላይ ጉብ ብለው ሲያልፉ አገር ያይላቸዋል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ልማት ሲወራ ሰብሳቢው እጁን ወደዚያ ጣሪያ ዘርግቶ «ለውጥ ማለት ይኼ ነው!» ይል ነበር። ጣሪያው ከማን ጉልበት እንደመጣ አንድም ቀን ሲጠቅስ አልሰማሁም።

የእኛ በሬ ግን ያለ አቻ ቀረ። እኛም መሬታችንን ለእኩል ሰጠን። እኩል የሚያርስልን ሰውዬ መጀመሪያ የራሱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ጭቃው ከበዛ በኋላ መጥቶ እንደነገሩ ቧጨር ቧጨር አድርጎ ይዘራዋል። ካመረተው የሚደርሰን ግማሽ እስከ ፋሲካ እንኳ አያደርሰንም ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ሳትቆጣ፣ ረጋ ብላ ተናገረች። እሷን የምፈራት ስትረጋ ነው።

«በሬውን ልሸጠው ነው። ከደሴ የሚመጣውን ደላላ አነጋግሬዋለሁ። ትሄጃለሽ።»

«ትምህርቴስ? አሥረኛ ክፍል ልገባ አይደለም እንዴ?»

«ትምህርት ዝናብ አይከልልም፣ ልጄ። አንድ በሬ ምን ይሠራልኛል? ሲበላ የሚውል እንግዳ ነው። እነሱ በሬ ሸጠው ቤት ሠሩ፤ እኛ በሬ ታቅፈን ተራብን።»

እናቴ ክፉ አልነበረችም። ከእኔ በታች ሁለት ሕፃናት ነበሯት፤ ጎታችን ደግሞ ባዶውን ነበር። ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ስፈራ የሚወጣኝ ቁጣ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔም ትምህርቴን ጨብጬ አልለቅም አልኩ።

«እስከ ሐምሌ ታገሺኝ» አልኳት። «መሬታችን በራሳችን በሬ ታርሶ ከተዘራ በሬው አይሸጥም፣ እኔም አልሄድም። ካልተዘራ እኔው ራሴ ገበያ እነዳዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልናገርም።»

«በየትኛው አቻ?»

«እፈልጋለሁ።»

«እፈልጋለሁ አለች እኮ!» ብላ ሳቀች። ቃሏን ግን ሰጠችኝ፤ እናቴ ቃሏን ከሰጠች አታጥፍም።

ባለ አንድ በሬ ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጅ የለም። አንዱ ሌላ ሰው ይዣለሁ አለኝ። ሌላው በሬውን ሸጦ ልጁን ሸኝቷል። በዚያ ሰሞን ደጁ ላይ ባዶ ቀንበር የተንጋለለበት ቤት ብዛቱ! ከሩቅ ቆርቆሮ ሲያበራ አይቼ ስቀርብ፣ ግድግዳው ሥር ቀንበሩ አቧራ ለብሶ ተጋድሟል። እዚያ ሁሉ ቤት አንዲት ልጅ ጎድላለች ማለት ነው። በመጨረሻ አንድ ደህና በሬ ያላቸው ሽማግሌ አገኘሁ።

«እርፉን ማን ይጨብጣል?» አሉኝ።

«እኔ።»

«አንቺ? ሴቷ?»

«እጅ የለኝም እንዴ አባባ?»

«ኧረ ወግጅልኝ! በሬዬን ሴት አረሰችው ተብሎ መሳቂያ ልሁን?»

«ይሳቁ። የሚስቀው ሰው ጎታዬን አይሞላልኝ።»

በሩን ዘጉት። ከዚያ ደጅ እስከ ቤቴ ድረስ በንዴት እንባዬ እየወረደ ሄድኩ፤ ሰው ሳገኝ በነጠላዬ ፊቴን እየጠረግሁ ደህና ዋሉ እላለሁ።

ሰኔ ሲገባ ጓደኛዬ መጣች። ኮንትራቷ አልቆ ነው። ሻንጣዋን በአህያ አስጭና ስትመጣ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እናቴ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ አገላብጣ ሳመቻት፣ ከዚያ እኔን በዓይኗ ገረፍ አደረገችኝ። ሰዉ «ወፈረች፣ አማረባት» አለ። እኔ ያየሁት ግን ስትቀመጥ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሽማግሌ «እፎይ» ስትል ነው።

በማግስቱ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ጠየቅኋት።

«የማጥበው ወለል የእናንተን ማሳ ያክላል» አለችኝ። «በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው። ማሽን አለ፤ ሴትዮዋ ግን በማሽን አይጠራም ትላለች።»

«ሰዎቹስ? ክፉ ናቸው?»

«ክፉ አይደሉም። ምግብ አልከለከሉኝም። በስሜ ግን ጠርተውኝ አያውቁም። ከእኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ነው የሚጠሩኝ፤ አዲስ ስም መልመድ ሰለቸን አሉ።» ይህን ስትል ትስቅ ነበር። እኔ ግን የያዝኩትን ጨርቅ በንዴት ድንጋዩ ላይ ደበደብኩት።

ከዚያ የእኔን ነገርኳት፤ በሬውን፣ ደላላውን፣ የእናቴን ቃል፣ የዞርኩትን ደጅ ሁሉ።

«የበሬያችሁን አቻ የሸጥነው እኛ ነን» አለች በመጨረሻ። «ያንን በሬ የበላሁት እኔ ነኝ።» ከዚያም፣ «በቅሎዋ አለች» አለች።

«የቷ በቅሎ? ሰጋሯ?»

«ምነው፣ አራት እግር የላትም?»

ሳቃችን ወንዙ ማዶ ድረስ ተሰማ። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም።

አባቷ ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። «ወላሂ አይሆንም! ጁምዓ የምሄድባት በቅሎ ላይ ቀንበር? ያ ረቢ! እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ? ሰጋር በቅሎ ሲታረስባት የት አገር ታይቷል?»

«አባባ፣ በቅሎዋን ማን ገዛት?» አለች ጓደኛዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አባቷ መቁጠሪያቸውን ማፍተልተል ጀመሩ።

«እንግዲያውስ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የእኔ ናት። ጁምዓ የእርስዎ።»

በቅሎ እንደ በሬ ሻኛ የላትም፤ ቀንበሩ ይንሸራተትና ማጅራቷን ይልጠዋል። የሚደገፍበት ወፍራም ነገር አስፈለገ። ጓደኛዬ ወደ ቤት ገባችና ያንን ነብር የተሣለበትን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ይዛ ወጣች። ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ቢላዋውን ስታነሣ እናቴ የራሷ ንብረት ይመስል ጮኸች።

«ኧረ በስመ አብ! አዲስ ብርድ ልብስ! እብድ ነሽ?»

«እማ፣ ብርድ ነው ብዬ ልኬው አንድም ሰው አልለበሰውም። ለእንግዳ ተብሎ ተቀመጠ። ቢያንስ በቅሎዋ ትልበሰው።»

ጭድ ጠቅጥቀን ሰፋነው። የነብሩ ፊት በቅሎዋ አንገት ላይ ዋለ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እርፉን ጨበጥኩ፤ ጓደኛዬ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ከፊት ቆመች። በቅሎዋ ተስፈነጠረች፣ በሬው ቆመ። በሬው ሲሄድ በቅሎዋ ቆመች። ስትራገጥ ጓደኛዬ ከነቀሚሷ ጭቃው ውስጥ ተዘረረች። ፈሩን ብታዩት እባብ የሄደበት ነው የሚመስለው። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱማ ጮክ ብሎ፣ «ኑ እዩ ጎበዝ! ዘንድሮ ነብር ጠምደው ያርሳሉ!» አለ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጓዳ ገባች፤ በሩን እስከመጨረሻው እንዳልዘጋችው ግን አይቻለሁ።

መዳፌ ተልጦ እርፉ በደም ረጠበ። ጓደኛዬ ከጭቃው ተነሥታ «እንተወው እንዴ?» አለችኝ።

«ካልደከመሽ በቀር ወይ ፍንክች!» አልኳት። «ዛሬ ይህን ፈር ሳልጨርስ የመጣ ቢመጣ አልወጣም።»

«አብሽሪ፣ እኔም አልወጣም» አለችና ልጓሙን እንደገና ያዘች።

አባቷ አጥሩ ጥግ ቆመው ያዩናል። ፊታቸውን አዙረው ነበር የቆሙት፤ ቀስ በቀስ መዞር ጀመሩ። በኋላ መቻል አቃታቸው።

«ጫን በይው! እርፉን ጫን በይው እንጂ አትንጠልጠይበት! ኧረ ልጄ፣ ቆይ፣ ቆይ! በሬውን ለምን በግራ ጠመዳችሁት? ዕድሜ ልኩን በቀኝ ነው የታረሰበት! የእኔ ነው በግራ የነበረው!»

ተያየን። ሁለታችንም ከእነዚያ በሬዎች ጋር አድገን ይህን አለማሰባችን! በሬው እኮ እንቢ አላለም፤ የለመደውን ቦታ አጥቶ ነው። ፈታነውና በቀኝ ጠመድነው፤ በቅሎዋን የሟቹን—የተሸጠውን በሬ ማለቴ ነው—ቦታ ሰጠናት። በሬው ጎኑ ወዳለው ነብር ዞር ብሎ አሸተተ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ አድርጎ መራመድ ጀመረ። በቅሎዋ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ መሳቧን አልተወችም።

እንዲህ እያልን አረስን፣ ደገምን፣ ሠለስን። ዝናብ ሲጥል ዛፍ ሥር ቆመን እንጠብቃለን፤ ሲያባራ እንመለሳለን። የሚስቀው ሰው መሳቁ ሰለቸው። ዘሩን የበተኑት አባቷ ናቸው፤ እሳቸው «ቢስሚላህ» ሲሉ እናቴ ከኋላቸው «በስመ አብ» አለች። ስንዴው ሐምሌ ሳይጋመስ አፈር ገባ።

ደላላው የመጣው ስንዴው ብቅ ብቅ ካለ በኋላ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ተቀበለችው፤ ግባ እንኳ አላለችውም።

«በሬው አይሸጥም» አለችው። «ሥራ ይዟል።»

«ልጅቷስ?»

«እሷም።»

ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እናቴ ግን በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ዓይኗን ከልላ ጣሪያውን ስታይ አገኘኋት፤ «አቤት ሲያበራ!» አለች። ሳቄን ለቀቅሁት።

ጳጉሜን ላይ ጓደኛዬ ተመልሼ ልሄድ ነው አለችኝ። ጮኽኩባት። ያልተናገርኩት ነገር የለም፤ ጉልበትሽ፣ ስምሽ፣ ወለሉ፣ ሁሉን ዘረገፍኩት።

«ጨረስሽ?» አለችኝ። «እንግዲህ እማ እንደምታወዳድረው ሳይሆን እኔ እንደማወዳድረው ስሚ። የእናንተ ጣሪያ ያፈሳል፤ ጎታችሁ ግን ከራሳችሁ መሬት ይሞላል። የእኛ ጣሪያ አያፈስም፤ ከሥሩ የሚበላው ሁሉ ግን ከዚህ ነው የሚመጣው።» ጉልበቷን በጥፊ መታ አደረገችው። «ይኸው አንድ ክረምት ብቀመጥ አባባ ዱቄት በዱቤ ማምጣት ጀመሩ። መሬታችን በሰው እጅ፣ በሬ የለን። አንቺን ያስቀረሽ በሬሽ ነው። እኔን ምን ያስቀረኛል? ቁም ሳጥኑ?»



«አንድ ኮንትራት ብቻ» አለች። «እዚያው ሴትዮዋ ዘንድ ነው፤ በደሞዙ በሬ እገዛለሁ፣ ኢንሻላህ። ቆርቆሮ በቃኝ።»

«የእናንተ ቀን ግን አልተከፈለም» አልኳት። «የእኛን አርሰናል፣ የእናንተን አላረስንም። መቀናጆ እንዲህ አይደለም።»

«ስመጣ ታርሺልኛለሽ።»

«ስትመጪ አይደለም።»

ሳቀች፣ አቀፈችኝ፣ ሄደች። እናቴ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘቻት፤ ስትመለስ ጣሪያውን ቀና ብላ አላየችውም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ስታወዳድረን ሰምቼያት አላውቅም።

ወንዙ ዳር ጥቁር አፈር የሆነች ቁራሽ መሬት ነበረቻቸው። ክረምት ውሃ ስለሚተኛባት እኩል አራሹ ንቆ ትቷታል። መስከረም ውሃው ሲሸሽ ግን ለሽምብራ የምትሆን ናት። ትምህርት ሊከፈት ትንሽ ቀን ሲቀረው በጠዋት በሬዬን ነድቼ እነሱ ደጅ ቆምኩ።

«አባባ፣ በቅሎዋን ይስጡኝ። የወንዝ ዳሯን ላርስ ነው።»

«ተዪው ልጄ፣ ዕዳ የለብሽም።»

«አለብኝ። የእናንተ ቀን ነው።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ራሳቸው በቅሎዋን አወጧት፤ የነብሩንም አንገት ልብስ ራሳቸው አጠለቁላት። ልጓሙን ማን ይይዛል ስል፣ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። ያቺ አፍራ ጓዳ የገባችው እናቴ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ የበቅሎ ልጓም ይዛ ከፊቴ ቆመች። ሳቀ እንዴ ሰው? አላየሁም፤ እኔ የማየው ፈሩን ነበር።

ከመሬቱ ግማሽ ስንደርስ የአባቷ ሞባይል ጮኸ። ዓረብ አገር ድረስ በጉሮሯቸው የሚያደርሱት ይመስል እየጮኹ ያወራሉ፤ «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ! ... ማን? ... እዚሁ ናት! ... ኧረ አንቺን ሳይሆን በቅሎዋን ነው የምትሳደበው!» እውነት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ «አንቺ ሰይጣን፣ ቀጥ በዪ!» እያልኩ ነበር።

ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። በሬውን አስቆምኩ። የጓደኛዬ ድምፅ ሩቅና ቀጭን ሆኖ መጣ። እንደምን አደርሽ አላለችም።

«ወደ ግራ እየሳበች ነው፣ አይደል?»

«እየሳበች ነው።»

«የት ናችሁ?»

«ወንዝ ዳር። የእናንተ ላይ።»

ከኋላዋ የሆነ ሰው በዚያ በሌላዋ ልጅ ስም ይጠራት ነበር። አልመለሰችለትም።

«አታቁሚ» አለችኝ። «እረሺ። ስልኩን አትዝጉት፣ ልስማው።»

እርፉን ጨበጥኩ፣ እናቴ ልጓሙን ሳበች። አባቷ ነጭ ልብሳቸው በጭቃ እየተነከረ፣ ስልኩን ወደ ማረሻው ዘርግተው፣ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ከጎናችን እየተራመዱ አሰሟት።